አንድ ውሸት ይፈቀዳል

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ፈተና ነው። ሙቀቱ ተማሪውን ያዝለዋል፤ የጠፈር ፊልም ከተነሳ ግን የተኛውም ይነቃል።

በቅርቡ የተነሳው «ዘ ማርሺያን» ነበር። ማርስ ላይ ማዕበል ተነስቶ ሮኬቱን ሊጥለው ሲል፣ ጠፈርተኞቹ ባልደረባቸው የሞተ መስሏቸው ጥለውት ይሄዳሉ። «አቦ ቲቸር፣ እንዲህ የሚጥል ነፋስ እዚያ አለ?» አለኝ አንዱ። ሰሌዳ ላይ አሰላነው። በድሬ ሙቀትና ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የማርሱ ግን 20 ግራም አካባቢ ነው። የነፋስ ግፊት በአየሩ ክብደትና በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚጨምር፣ ማርስ ላይ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው፣ እኛ ዘንድ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚነፍስ ያህል ብቻ ይገፋል። የቀፊራ ገበያን አቧራ ያስነሳል እንጂ ሮኬት አይጥልም። ደራሲው አንዲ ዌርም ይህን አምኗል።

ክፍሉ «እንግዲያው ፊልሙ ውሸት ነው» ብሎ ፈረደ። እኔ በፍርዱ አልስማማም። ማዕበሉ ታሪኩን ያስነሳ አንድ ውሸት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ውሃውን በኬሚስትሪ ያገኛል፣ ድንቹን ተክሎ ያበቅላል፣ ቀለቡን በቀን እያካፈለ ይቆጥባል። የተበደረውን ውሸት ሠርቶ ከፍሏል።

ተረታችንም በዚሁ ሕግ ይኖራል። ጅብ ሲናገር ማንም ልጅ አይገረምም፤ ጅቡ ግን ሆዳምነቱን ከረሳ ልጁ ተራኪውን ያስቆመዋል። ድራጎንም ሆነ አስማት እንደዚያው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ጀግናው ሊሞት ሲል፣ ቀድሞ ያልተነገረን ኃይል ዱብ የሚልለት ፊልም ነው። «ኢንተርስቴላር» ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት አልነበረም፤ ጥቁር ጉድጓዱ አጠገብ ባለችው ፕላኔት አንድ ሰዓት በምድር ሰባት ዓመት ነው ተባለ፤ አባትየው ወደ መርከቡ ሲመለስ የ23 ዓመት የልጆቹ መልእክት ተከምሮ ጠበቀው። እንዲያለቅስ ያደረገው ራሱ ሕጉ ነው።

ተማሪዎቼ «ይሄ የሆሊዉድ ገንዘብ ነው» ሲሉኝ «ክራምብስ»ን እጠቅስላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ በአማርኛ የተነገረ ፊልም ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር መርከብ ተንሳፍፎ ቀርቷል፤ ምድር ላይ ያሉት ደግሞ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ያያሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ የዕቃው ጥቅም ተረስቷል። ዳሎልን የመሰለ መልክዓ ምድር ካለ ደግሞ ሌላ ፕላኔት መሥራት አያስፈልግም።

የድሬም ልጅ ለዚህ አይቸገርም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ አሮጌው ጣቢያ ውስጥ የቆሙት ፉርጎዎች ለካሜራ ዝግጁ ናቸው። በስልካቸው ሊቀርጹ ለሚነሱ ተማሪዎቼ ከመቅረጻቸው በፊት ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ውሸታችሁ ምንድን ነው? ማንስ ይከፍለዋል? የመጀመሪያውን ሁሉም ይመልሳል። ሁለተኛው ላይ ዝም ያለ ቡድን ግን የተሻለ ስልክ ከመዋሱ በፊት ድርሰቱን ደግሞ ይጻፍ።