ፋብሪካ የከፈቱት የአባ ሆሴ ማሪያ ተማሪዎች

በሰሜን ስፔን፣ በባስኮች አገር፣ ተራራ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ሞንድራጎን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ ስሟን ያስጠራው እዚያ የተወለደው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ነው። ማኅበራቱ 80 ገደማ ሲሆኑ 70 ሺህ ያህል ሰው ያሠራሉ፤ የፋብሪካ ማሽን ይሠራሉ፣ ሱፐርማርኬት ያስተዳድራሉ፣ ባንክና ዩኒቨርሲቲም አላቸው። የነገሩ ጠንሳሽ ግን ነጋዴም ፖለቲከኛም አልነበሩም። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡ፣ በብስክሌት የሚዞሩ፣ ስብከታቸው ምእመኑን የሚያሰለች ካህን ነበሩ።

አባ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪዬታ ሞንድራጎን የደረሱት በ1941 (እ.ኤ.አ.) ነው። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመቱ ነበር። እሳቸውም በተሸናፊው ወገን ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ ቆይተው ታስረው፣ ከሞት ለጥቂት ያመለጡ ሰው ናቸው። የከተማዋ ትልቁ ፋብሪካ የሙያ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ለድኻው ልጅ ሁሉ ግን በሩ ክፍት አልነበረም። ካህኑ ከሕዝቡ ገንዘብ አሰባስበው በ1943 በ20 ያህል ተማሪዎች ሌላ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከብረት ሥራው ጎን ለጎን ያስተማሩት ሌላ ትምህርት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ማኅበራዊ ትምህርት።

ይህ ትምህርት በዘመናዊ መልኩ የሚጀምረው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በግንቦት 1891 ካወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» ከተባለው መልእክት ነው። ሊዮን የግል ሀብትን መብት ያከብራሉ፤ ሶሻሊዝምንም ይቃወማሉ። ሆኖም አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው ስለተፈራረሙ ብቻ ደመወዙ ፍትሐዊ ሆነ ማለት እንዳልሆነ አስረግጠው ጻፉ። ልጆቹ እንዳይራቡበት ሲል ባገኘው የተስማማ ሰው ተገድዷል እንጂ አልተዋዋለም። ከዚህ በኋላ በቂ ደመወዝ የባለሀብቱ ደግነት መሆኑ ቀረና ዕዳው ሆነ።

ከሐሳቡ ጀርባ የ13ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ቶማስ አኵይናስ አለ። ለእሱ ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለመስጠት የጸና ፈቃድ ነው። ስለዚህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት ሰው ተለማምዶ የሚይዘው በጎ ምግባር ነው፤ እንደ ጥበብ፣ እንደ ጽናት፣ እንደ ራስን መግዛት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1931 ሌላ መርሕ ጨመሩበት፦ ትንሹ ማኅበር ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ትልቁ አካል ሊነጥቀው አይገባም።

አባ ሆሴ ማሪያ ይህን ሁሉ በደመወዝ መዝገብ ላይ ለመጻፍ ፈለጉ። መጀመሪያ የትልቁ ፋብሪካ ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው የባለቤትነት ድርሻ እንዲሰጡ ለመኑ። እምቢ ተባሉ። በ1956 አምስት ተማሪዎቻቸው ከዚያው ፋብሪካ ወጥተው፣ ከየስማቸው ፊደል ቆንጥረው «ኡልጎር» ያሉትን ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም የነጭ ጋዝ ምድጃ ነበር።

ደንቡ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። ብዙ ገንዘብ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም አንድ ድምፅ ብቻ አለው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ከዝቅተኛው ሠራተኛ ደመወዝ ሦስት እጥፍ አይበልጥም፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ተለጠጠ። ከትርፉ የተወሰነው ለመጠባበቂያ፣ የተወሰነው ለትምህርትና ለአካባቢው ይውላል፤ የቀረው በእያንዳንዱ አባል ስም ተይዞ ሲወጣ ወይም ጡረታ ሲገባ ይከፈለዋል። መንግሥት «እናንተ ባለቤቶች እንጂ ተቀጣሪዎች አይደላችሁም» ብሎ ከማኅበራዊ ዋስትና ሲያስወጣቸው የራሳቸውን ፈንድ መሠረቱ።

ባንኩ አስቂኝ ታሪክ አለው። ካህኑ በ1959 የሠራተኞች ባንክ ይቋቋም ሲሉ መሥራቾቹ እኛ የብረት ሰዎች እንጂ የባንክ ሰዎች አይደለንም ብለው ሳቁባቸው። አባም የሁለት መሥራቾችን ፊርማ ራሳቸው አስመስለው ፈርመው ወረቀቱን እንዳስገቡ ይነገራል። ስለ በጎ ምግባር ለሚያስተምር ሰው ፊርማ ማስመሰል የሚያስመሰግን አይደለም። ሆኖም ያለዚያ ባንክ ተከታዮቹ ማኅበራት መነሻ ገንዘብ ከየት እንደሚያገኙ መገመት ያስቸግራል።

ደንብ ብቻውን ግን አልበቃም። በ1974 በኡልጎር ውስጥ በሥራ ደረጃ አመዳደብ የተነሣ አድማ ተመታ። ባለቤት በራሱ ላይ እንዴት ያድማል በሚል 17 ሰዎች ተባረሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው። ማኅበሩ ያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ስለነበሩት ሥራ አመራሩና ሠራተኛው ተራርቀው ነበር። ፒዮስ የፈሩት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አዳዲሶቹ ማኅበራት አነስ ብለው እንዲቆዩ ተሞከረ።

አባ ሆሴ ማሪያ በ1976 ዐረፉ። በ2015 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጎ ምግባራቸው ከተለመደው ልክ ያለፈ መሆኑን አጸደቁ፤ ይህም በካቶሊክ ሥርዓት ወደ ቅድስና ከሚያደርሱት ደረጃዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ የኡልጎር ወራሽ የሆነው የቤት ዕቃ አምራች ፋጎር ከስሮ ነበር። እህት ማኅበራቱ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሱበት በኋላ ከዚህ በላይ አንችልም አሉ። አባላቱን ግን አልበተኗቸውም፤ አብዛኞቹ በሌሎች ማኅበራት ሥራ አገኙ፣ አንዳንዶቹም ቀድመው ጡረታ ወጡ። ፋጎር በፖላንድ፣ በቭሮትስዋፍ ከተማ የነበረው ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ተቀጣሪዎች እንጂ አባላት አልነበሩም። ድምፅም ድርሻም አልነበራቸውም። ፖላንድ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አገር ናት፤ ሥራ ከካፒታል እንደሚቀድም፣ ሠራተኛውም በሚሠራበት ድርጅት ድርሻ ሊኖረው እንደሚገባ በ1981 የጻፉት እሳቸው ናቸው።