ስለ ደጅ ንጣፍ፤ የድንጋይ አመራረጥና አነጣጠፍ

የቤት ደጅ ሰው የሚቀመጥበት፥ እህል የሚሰጣበት፥ ሕፃናት የሚጫወቱበት ስፍራ ነው። ነገር ግን በሳንጃና በመተማ ቆላ ምድሩ በብዙ ስፍራ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደጁ በክረምት ጭቃ፥ በበጋ ንቃቃት ይሆናል።

ከጭቃው ይልቅ የሚከፋው በጎድጓዳው የሚቆመው ውሃ ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን ፀሐይ በሚመታው በትንሽ ኩሬ ትጥላለች፤ በቆላ ሙቀትም እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የምትበር ትንኝ ይሆናል። ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በህንድ አገር ሲመረምር በ1897 እ.ኤ.አ. መንገዱን ገለጠ። እንግዲህ ደጅን ማንጠፍ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው።

ለንጣፍ የሚሻለው ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ነው። ዐፄ ፋሲል በቆረቆሩት በጎንደር ከተማ ያሉት ግንቦች በዚህ ድንጋይ ተሠርተው ከ300 ዓመት በላይ ቆመዋል። ድንጋዩ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጥ ደኅና ነው፤ ድምፁ የታፈነ ቢሆን ግን በውስጡ ስንጥቅ አለበት፥ ወይም በስብሷል። በጣት ሲታሽ የሚፈረፍረውም አይጠቅምም። ፊቱ ጠፍጣፋ፥ ውፍረቱም ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ይመረጣል። ነገር ግን ፊቱ እጅግ የለሰለሰው በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል። ጥቁር ድንጋይ በፀሐይ እጅግ ስለሚግል፥ ንጣፉ በዛፍ ወይም በዳስ ጥላ ሥር ቢሆን መልካም ነው።

የንጣፉ ብርታት ከድንጋዩ ይልቅ ከሥሩ ባለው መደብ ነው። አስቀድሞ ዋልካው አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ይወጣል፤ በስፍራውም ጠጠር ተደርጎ በደንብ ይጠቀጠቃል። በጠጠሩ ላይ የወንዝ አሸዋ በአራት ጣት ውፍረት ይነጠፋል። ከዚህ በኋላ ከቤቱ ግድግዳ እስከ ደጁ ዳር ሲባጎ ይወጠራል። ሲባጎውም በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ ይበል። ወደ ቤት ያዘነበለ ንጣፍ ውሃውን ወደ ግድግዳው መሠረት ይመራዋልና።

ትልልቁ ድንጋይ በዳር በዳር ይቀመጣል፥ ትንንሹም በመካከል ይገጠማል። እያንዳንዱ በእንጨት መዶሻ እየተመታ ከሲባጎው ጋር ይስተካከላል፤ በመካከሉ ያለው ክፍተትም በአሸዋ ይሞላል። በኖራ ወይም በሲሚንቶ መያዝ የተሻለ ይመስላል። ግንብ መሠረቱ ጠልቆ ስለሚቆፈር በኖራ ይጸናል፤ የንጣፍ መደብ ግን ቀጭን ስለሆነ ዋልካው ሲያብጥ ኖራው ይሰነጠቃል። በአሸዋ የተያዘው ግን ከምድሩ ጋር ይነሣል ይወርዳል፤ የሰመጠውም ድንጋይ ተነሥቶ፥ አሸዋ ተጨምሮለት ይመለሳል።

በመጨረሻ በንጣፉ ዳር ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ አትክልቱ ይመራ። ቦዩ ካልተጠረገ ግን ራሱ የትንኝ ኩሬ ይሆናል። ንጣፍም ብቻውን ወባን አያስቀርም፤ በአጎበር ውስጥ መተኛት፥ ትኩሳት ሲሰማም ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።