ከማደያው ሥር የተቀበረ ዕዳ

በአሜሪካ ከተሞች በሁለት ዋና መንገዶች ማዕዘን ላይ ያለ ቦታ ለሽያጭ ሲቀርብና ዋጋው ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ልምድ ያለው ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሕንፃው አይደለም። «ቀድሞ ነዳጅ ማደያ ነበር ወይ?» ይላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ከሚታየው ሕንፃ ጋር የማይታይ ዕዳም አብሮ ሊሸጥ ይችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ማደያና ከጎኑ ያለውን ሱቅ ይዘው የሚሠሩ ወገኖች አሉ። በአዲስ አበባም የቆየ ማደያ ወይም ጋራዥ ያለበትን ይዞታ ለሌላ ግንባታ የሚፈልግ ባለሀብት አይጠፋም።

የችግሩን ስፋት አኃዙ ይናገራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ ከመሬት በታች ከተቀበሩ ታንኮች ከ550 ሺ በላይ የመፍሰስ አደጋዎችን መዝግቧል። እስከ 2022 ድረስ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 60 ሺ የሚጠጉት ጽዳታቸው ገና አልተጠናቀቀም ነበር።

ጠብታው ሲደመር

የቀድሞዎቹ ታንኮች አብዛኛዎቹ መከላከያ ያልተቀባ ብረት ነበሩ። ብረቱ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል፤ የቧንቧ መገጣጠሚያውም ይላላል። በሰከንድ አንዲት ጠብታ ብቻ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ያፈሳል። በቀን ብዙ ሺ ሊትር ለሚሸጥ ማደያ 4 ሊትር በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

አፈሩ ግን ይመዘግበዋል። ነዳጁ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሲደርስ ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከውስጡ ያሉ ኬሚካሎች ግን ሟሙተው ከውኃው ጋር ይጓዛሉ። ከእነዚህ አንዱ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠው ቤንዞል ነው። የአሜሪካ ሕግ በ1 ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ቤንዞል እንዳይኖር ይከለክላል። ከመቶ 1 እጅ ቤንዞል የያዘ 1 ሊትር ቤንዚን፣ በስሌት ሲታይ፣ ከ1.5 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ ከዚህ ወሰን ሊያሳልፍ ይችላል።

የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ ከተማ ይህን በተግባር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ከመጠጥ ውኃዋ ግማሽ ያህሉን ይሰጧት የነበሩ ጉድጓዶችን ዘግታለች። ምክንያቱ ካፈሰሱ ታንኮችና ቧንቧዎች የወጣ ኤምቲቢኢ የተባለ የቤንዚን ማዳበሪያ ኬሚካል ነበር። ከተማዋ ዋነኞቹን ጉድጓዶች በማጣሪያ መልሳ ለመጠቀም ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

ሕጉ ማንን ይይዛል?

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውና «ሱፐርፈንድ» በሚል ስም የሚታወቀው ሕግ የተበከለን መሬት የያዘ ሰው፣ ራሱ ባይበክለውም፣ ለጽዳቱ ኃላፊ ሊያደርገው ይችላል። በ2002 የተደረገው ማሻሻያ ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ምርመራ ላካሄደና ከገዛም በኋላ ግዴታውን ለተወጣ ገዢ ከለላ ሰጥቷል።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሱፐርፈንድ ነዳጅን አይጨምርም። የነዳጅ ታንክ የሚመራው በ1984 በወጣው ሕግና በየግዛቱ ደንብ ሲሆን፣ በፌዴራሉ ሕግ ኃላፊው የታንኩ ባለቤት ወይም አንቀሳቃሽ ነው። ታንኩን ከቦታው ጋር የገዛ ሰው ደግሞ የታንኩ ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ «በእኔ ጊዜ አልፈሰሰም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን የሚያስተማምን አይደለም።

ባንኮችም ትምህርታቸውን በፍርድ ቤት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍሊት ፋክተርስ በተባለው ጉዳይ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት አበዳሪም ለብክለት ሊጠየቅ የሚችልበት ሁኔታ እንዳለ ወሰነ። ምክር ቤቱ በ1996 ባወጣው ሕግ የአበዳሪዎችን ሥጋት አቃለለ። ይሁን እንጂ የአካባቢ ምርመራ ሪፖርት ሳይቀርብ ለንግድ ቦታ ብድር ያለመስጠት ልማድ ጸንቶ ቀርቷል። የተበከለ መሬት ለባንክ ደካማ መያዣ ነውና።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

የመጀመሪያው ደረጃ ቁፋሮ የለበትም። ሥራው በአመዛኙ የመዝገብና የዓይን ነው። መመዘኛው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በ2021 ተሻሽሏል። ባለሙያው የድሮ የአየር ፎቶግራፎችን፣ የከተማ አድራሻ መጻሕፍትንና ለእሳት ኢንሹራንስ የተሠሩ የሳንቦርን ካርታዎችን ያገላብጣል። በካርታዎቹ ላይ የቤንዚን ታንኮች ምልክት ተደርጎባቸው ይገኛሉ። እስከ ግማሽ ማይል ርቀት ድረስ ያፈሰሱ ታንኮች ስለመኖራቸው የመንግሥት መዝገብ ይታያል፤ የጎረቤት ነዳጅ ወሰን አያውቅምና። ከዚያም ቦታው ድረስ ሄዶ የታንክ መሙያ ክዳን፣ የአየር ማስወጫ ቱቦና የተጣፈ አስፋልት ይፈልጋል፤ ባለቤቱንም ይጠይቃል።

ሪፖርቱም ዕድሜ አለው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ከግዢው ቀን በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የተሠሩ ወይም የታደሱ መሆን አለባቸው። ሻጭ ከመሳቢያው የሚያወጣው የድሮ ሪፖርት ገዢን አይጠብቅም።

ጥርጣሬ ከተገኘ ሁለተኛው ደረጃ ይከተላል። የተቀበረ ታንክ በመሣሪያ ይፈለጋል፤ መሬቱ ተሰርስሮ የአፈርና የውኃ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የመጀመሪያው ደረጃ በጥቂት ሺ ዶላር ያልቃል፤ ሁለተኛው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የከርሰ ምድር ውኃ ተነክቶ ከተገኘ ጽዳቱ ከ100 ሺ ዶላር ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን ሊያልፍ ስለሚችል፣ የምርመራው ወጪ ከግብይቱ ርካሹ ክፍል ነው።

ብክለት ተገኘ ማለት ግዢው ፈረሰ ማለት አይደለም። ሻጩ አጽድቶ እንዲያስረክብ፣ የጽዳቱ ግምት ከዋጋው እንዲቀነስ፣ ወይም ከክፍያው የተወሰነው በሦስተኛ ወገን እጅ ተይዞ እንዲቆይ መዋዋል ይቻላል። በርካታ ግዛቶች ለታንክ ጽዳት የሚረዳ ፈንድ አላቸው። ታንኩ ያልተመዘገበ ወይም መፍሰሱ በወቅቱ ያልተነገረ ከሆነ ግን ከፈንዱ መጠቀም ያስቸግራል።

የአዲስ አበባ ገበያስ?

በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ እንዲገመገም ያዛል። ይህ ግን ወደፊት የሚሠራውን የሚመለከት ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተቀበረ ታንክ ምን እንዳደረገ ማወቅ ሌላ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን ይደነግጋል።

ጥያቄው ማደያው ሦስት እጅ ከተለዋወጠ በኋላ የበከለው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ሕንፃው፣ ታንኩና የሊዝ መብቱ በውል ይተላለፋሉ። በርክክብ ቀን የአፈሩ ሁኔታ ካልተመዘገበ ሻጭ በገዢ፣ ገዢም በሻጭ ላይ ጣቱን ይቀስራል። ምርመራው ለሻጭም የሚበጀው ለዚህ ነው፤ ከሸጠ በኋላ ለሚፈሰው እንዳይጠየቅ ማስረጃው ይሆናል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ከከርሰ ምድር፣ በተለይም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣ በመሆኑ ነገሩ የሁለት ተዋዋዮች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመሆኑም የቆየ ማደያ፣ ጋራዥ ወይም የትራንስፖርት ዴፖ የሚገዛ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ስንት ታንክ እንደተቀበረና መቼ፣ ከአገልግሎት የወጣ ታንክ ካለ ባዶ ሆኖ መዘጋቱ፣ በመለኪያ ዘንግ የተመዘገበው ክምችት ከተገዛውና ከተሸጠው ነዳጅ ጋር መመሳከሩ። በመዝገቡ ላይ በየወሩ እየተደጋገመ የሚጎድል ነዳጅ ካለ የአፈር ናሙና ማስመርመር ይገባል። ደላላውም ይህን አስቀድሞ ቢያነሳ ኮሚሽኑን አያጣም፤ በኋላ ከሚመጣ ክስ ደንበኞቹን ያድናል። ይህ ሁሉ ግን ከቀብድ በፊት መሆን አለበት። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የሚገኝ ጥቁር አፈር ዋጋ አያስቀንስም፤ ፍርድ ቤት ያመላልሳል።