ያረጀ ድረ ገጽ ይታደስ ወይስ ይፍረስ?

አንድ ነጋዴ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር አዛውሮ የቀድሞውን ሰሌዳ በነበረበት ቢተወው፤ ደንበኞቹን በከንቱ ሲያንከራትት ይኖራል። ያረጀ የንግድ ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። የተለወጠ ስልክ ቍጥርና የቀረ ዋጋ እያሳየ ባለቤቱን ሐሰተኛ ያሰኘዋል።

ታዲያ ይታደስ ወይስ ፈርሶ እንደገና ይሠራ? መድኃኒት የሚታዘዘው ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ነውና አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ያረጀው ጽሑፉ ብቻ እንደ ሆነ፤ ማረሙ ብዙ ድካም የለውም። ክሮም የተባለው ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የምስጢር ቍልፍ የሌለውን ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ጎብኚውን ያስጠነቅቃል፤ ይህም ቢሆን ያለ ክፍያ በሚገኝ የምስክር ወረቀት የሚድን ነው። ገጹ የተሠራው በፍላሽ ከሆነ ግን፤ አዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ስላቋረጠ፤ አዲስ ከመሥራት በቀር መፍትሔ የለውም።

ለማፍረስ የቈረጠ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፤ የድረ ገጹ ስም በየጊዜው ክፍያ የሚታደስበት ስለ ሆነ፤ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ይወቅ። በሠራው ባለሙያ ስም ከሆነ፤ ባለሙያው ሲሄድ ስሙም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፤ የቀድሞዎቹ ገጾች አድራሻ ወደ አዲሶቹ እንዲመራ ያድርግ፤ አለዚያ የዱሮው ደንበኛ የተዘጋ በር ያገኛል።

በድርጅቱም ሆነ በአባቱ ሱቅ ይህን እንዲወስን የሚጠየቅ ወጣት፤ ስለ ቀለሙ ማማር ከመከራከሩ በፊት «ነገስ የሚጠብቀው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጠባቂ ከሌለ፤ ስሙን፣ ስፍራውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ስልኩን በእውነት የሚናገር አንድ ገጽ ከሚዋሹ ሃያ ገጾች ይበልጣል።