ወህኒ ቤቱ የሕግ መማሪያ ሆነ

ሙዚየም የቀድሞ ዘመን ዕቃና ታሪክ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ በሙዚየም የሚታየው ዘውድ፣ ጋሻና ጦር፣ የብራና መጽሐፍ ነው። ሕግ ግን በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም። ታዲያ ሕግን በሙዚየም ማስተማር እንዴት ይቻላል?

በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ኮንስቲትዩሽን ሂል የሚባል ቦታ አለ። ትርጉሙ የሕገ መንግሥት ኮረብታ ማለት ነው። ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር እየመጡ ስለ ሕግና ስለ ዜጋ መብት የሚማሩበት ሙዚየም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሕገ መንግሥት ምንድን ነው?

ሕገ መንግሥት የአንድ አገር ሕጎች ሁሉ የበላይ ነው። መንግሥት ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ይወስናል። የዜጎችን መብት ይዘረዝራል። ሌላ ሕግ ከእሱ ጋር ከተጋጨ ይሻራል። ደቡብ አፍሪካ ዛሬ የምትተዳደርበት ሕገ መንግሥት የተፈረመው በ1996 ነው።

ቦታው ቀድሞ ምን ነበር?

ቀድሞ ወህኒ ቤት ነበር። ወደ 90 ዓመት ያህል ሰው ሲታሠርበት ኖሮ በ1983 ተዘጋ። ነጮች ለብቻ፣ ጥቁሮች ለብቻ፣ ሴቶችም ለብቻ ይታሠሩ ነበር። የጥቁር ወንዶቹ ወህኒ «ቁጥር አራት» ይባል ነበር።

ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ አልነበሩም። የዚያን ጊዜው ሕግ ጥቁር ሰው ዕድሜው 16 ዓመት ከሞላ የይለፍ ደብተር ይዞ እንዲሄድ ያስገድድ ነበር። ደብተሩን ያልያዘ በመንገድ ላይ ይያዛል፤ ይታሠራል። ይህ ሕግ የተሻረው በ1986 ነው።

ኔልሰን ማንዴላም እዚሁ ታሥረዋል። በ1962 ወደ አገራችን መጥተው አዲስ አበባ ኮልፌ ላይ የውትድርና ትምህርት ተምረው ነበር። አገራቸው እንደተመለሱ በዚያው ዓመት ተያዙና በዚህ ኮረብታ ታሠሩ።

ተማሪዎቹ ምን ያያሉ?

አስጎብኚው ልጆቹን ይዞ ወደ ቁጥር አራት ይገባል። ሰው ተጨናንቆ ያድርበት የነበረውን ክፍል ያያሉ። የእስረኞቹን የምግብ ዝርዝር ያነባሉ። ምግቡ በቆዳ ቀለም ይከፋፈል ነበር። ለጥቁሩ የሚሰጠው ከሌላው ያነሰ ነበር።

ይህ ሁሉ ግፍ የተሠራው በሕግ ነው። ታዲያ ሕግ ከተባለ ሁሉ ትክክል ነው ወይ? ሕጉንስ ማን አወጣው? ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከወህኒ ቤቱ ጥቂት እልፍ ሲሉ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያገኛሉ። በ2004 በዚሁ ግቢ የተከፈተ ነው። ከፈረሰው የእስረኞች ቤት ጡቡ ተለቅሞ የችሎቱ ግድግዳ ተሠርቶበታል። በትልቁ የእንጨት በር ላይ 27 መብቶች በቃልና በምልክት ቋንቋ ተቀርጸዋል። ማንበብ የሚችል ሰው ገና ደጁ ላይ ሳለ መብቱን ያነባል።

ዳኞቹ 11 ናቸው። የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ ፊቱ የከብት ቆዳ ለብሷል። የአንዱ ቆዳ መልክ ከሌላው አይመሳሰልም። ዳኞች የየራሳቸው አስተያየት አላቸው ማለት ነው። ከዳኞቹ ኋላ ረጅም መስኮት አለ። በችሎቱ የተቀመጠ ሰው የመንገደኛው እግር ከዳኞቹ ራስ በላይ ሲያልፍ ያያል። ዳኛ የሕዝብ አገልጋይ መሆኑን እንዳይረሳ ነው።

የፍርድ ቤቱ ዓርማ ደግሞ በዛፍ ሥር የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። በዚያም አገር እንደኛው ሁሉ ሽማግሌ ነገር የሚያየው ከዛፍ ጥላ ሥር ነበር።

ይህ ለገበሬ ምን ያስተምረዋል?

በደቡብ አፍሪካ ሪችተርስቬልድ የሚባል ገጠር አለ። ሕዝቡ ከብትና በግ እያረባ ለብዙ ትውልድ ኖሮበታል። በ1920ዎቹ አልማዝ ሲገኝ መሬቱ ተወሰደበት። በእጁ የባለቤትነት ወረቀት አልነበረውም። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ተባብሮ ከሰሰ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2003 ፈረደለት። መሬቱን በአባቶቹ ሕግ ይዞት ስለኖረ ባለቤት ነው፤ ሊመለስለት ይገባል አለ።

ይህ ፍርድ በራሱ ጊዜ አልመጣም። ሕዝቡ መብት እንዳለው አውቆ ስለጠየቀ ነው። የይለፍ ደብተሩም ወረቀት ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም ወረቀት ነው። አንዱ ሰውን አሠረ፤ ሌላው ለሰው ቆመ። የትኛው ወረቀት ምን እንደሚል ለይቶ ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል። እነዚያ ልጆች ወደ ኮረብታው የሚወሰዱትም ይህን ገና በልጅነታቸው እንዲያውቁት ነው።

በቡድን ተወያዩባቸው

1. ሰዎች በቁጥር አራት የታሠሩት ስለ ምን ነበር?
2. ፍርድ ቤቱ በወህኒ ቤቱ ግቢ ለምን የተሠራ ይመስላችኋል?
3. የሪችተርስቬልድ ሕዝብ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?