ከደብተር ካሬ እስከ ቲሸርት ደረት፦ የፒክስል ሥዕል እንዴት ይነደፋል?

የጥምቀት በዓልና የተማሪዎች ምረቃ በተቃረበ ቁጥር የቲሸርት ማተሚያ ቤቶች ደጃፍ በወጣቶች ይጨናነቃል። ገንዘብ አዋጥተው፣ ሥዕል መርጠው ይመጣሉ። በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የታየው ሥዕል ግን ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ዳር ዳሩ ደብዝዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የታተመ ቲሸርት ደግሞ አይመለስም፤ ገንዘቡም አብሮ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሚወቀሰው አታሚው ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሥዕሉ ፋይል የጀመረ ሊሆን ይችላል።

ያለ ውድ ኮምፒውተር፣ በትንሽ ወጪ ጥርት ያለ ኅትመት ለማግኘት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ «ፒክስል አርት» የተሰኘው የአሣሣል ስልት ነው። ፒክስል ማለት የስልክም ሆነ የኮምፒውተር ምስል የሚገነባበት ባለ አንድ ቀለም ትንሽ ነጥብ ነው። በፎቶግራፍ ውስጥ ነጥቦቹ በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ ዐይን አይለያቸውም። በፒክስል ሥዕል ግን ሠዓሊው እያንዳንዱን ካሬ በእጁ ይሞላል፤ ካሬዎቹም ሆን ተብለው እንዲታዩ ይደረጋል።

ስልቱ ከእጥረት የተወለደ ነው። በቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ዘመን የማሽኖቹ አቅም አነስተኛ በመሆኑ አንድን ሰው በጥቂት ካሬዎች መሣል ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» የተባለውን ጨዋታ የነደፈው ጃፓናዊው ሽገሩ ሚያሞቶ፣ ኋላ «ማሪዮ» ተብሎ የታወቀውን ገጸ ባሕርይ ባርኔጣ ያደረገለት ፀጉርን በዚያ ጠባብ ቦታ መሣል ስላስቸገረ ነው፤ ትልቅ ጢም ያበጀለትም አፍ መሣል ሳያስፈልግ ፊቱ እንዲለይ ነው። አሜሪካዊቷ ሱዛን ኬር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ለቀረበው የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ምልክቶችን ስትነድፍ ሥራዋን የጀመረችው በባለካሬ ወረቀት ላይ ነበር። ለአንዱ ምልክት የነበራት ቦታ በወርድ 32፣ በቁመትም 32 ካሬ ሲሆን፣ ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሸማኔው የጥበብ ቀሚስ ጥለት ሲያወጣ ድሩን እየቆጠረ ባለ ቀለም ክር ያስገባል። በጥለቱ ላይ ሰያፍ መስመር የሚመስለው ሁሉ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው የደረጃ ቅርጽ አለው። መሶብ የሚሰፉ እናቶችም አለላውን የሚለዋውጡት ስፌቱን ቆጥረው ነው። በግብርና ኮሌጅ የሙከራ መደቦችን በባለካሬ ወረቀት ላይ መንደፍ የተማረ ሰውም፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅን ጨምሮ፣ አሠራሩን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ለምሳሌ ጀበናን እንውሰድ። በሒሳብ ደብተር ላይ ወርዱም ቁመቱም 32 ካሬ የሆነ ቦታ በእርሳስ ይከለላል። የጀበናው ሆድ ወደ 18 ካሬ፣ አንገቱ ከ4 እስከ 5 ካሬ ስፋት ቢሰጠው፣ ለእጀታውና ከታች ለማቶቱ በቂ ቦታ ይተርፋል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እጀታው ላይ ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ቢያንስ 2 ካሬ ካልሆነ፣ ሥዕሉ ከሩቅ ሲታይ ክፍተቱ ተደፍኖ ጀበናው እንስራ ይመስላል።

ሌላው ፈተና ክቡ ሆድ ነው። ካሬ በመደርደር ክብ ለማውጣት የደረጃዎቹ ርዝመት በሥርዓት መቀነስ ይኖርበታል። ከታች 6 ካሬ ተኝቶ ቢጀምር፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1 እያለ ወደ ጎን ይወጣል። ቅደም ተከተሉ 6፣ 1፣ 3፣ 1 ከሆነ ግን ሆዱ የተሸራረፈ ይመስላል። ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሁሉንም ካሬ በአንድ ቀለም ሞልቶ፣ ደብተሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ አምስትና ስድስት እርምጃ ርቆ ማየት ጠቃሚ ነው። ጀበና መሆኑ በጥላው ብቻ ካልታወቀ ቀለም አያድነውም።

የቀለም ምርጫ በቀጥታ ኪስን ይነካል። በስክሪን ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ስለሚዘጋጅ፣ ሦስት ቀለም ያለው ሥዕል ሦስት ስክሪን ይፈልጋል። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ቀለሞች ደምቀው እንዲታዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነጭ ቀለም ይታተማል፤ ይህም ሌላ ስክሪን ነው። ስለዚህ ብልህ ነዳፊ የጨርቁን ቀለም እንደ አንድ ቀለም ይቆጥረዋል። በጥቁር ቲሸርት ላይ የሚያርፍ ጀበና ሆዱ ሳይታተም ባዶ ይተዋል፤ ጠርዙና ብርሃን የሚያርፍበት ጎን ብቻ በክሬም ቀለም ይወጣሉ። ጥቁሩን ጨርቁ ራሱ ይሰጣል። ሁለት ቀለሞች በሚጎራበቱበት ቦታ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ በጥቂቱ እንዲደረብ ለአታሚው መንገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በካሬዎቹ መካከል የጨርቁ ቀለም እንደ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል።

ቁጥሩ ጥቂት ለሆነ ቲሸርት በሙቀት የሚለጠፍ ኅትመት ይቀላል። ሰብሊሜሽን የሚባለው ዘዴ ግን ለፖሊስተር እንጂ ለጥጥ አይሆንም፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ጨርቅም ይፈልጋል።

የደብተሩን ንድፍ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ በነጻ የሚሠራው «ፒስኬል» ይበቃል። «ጊምፕ» የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ብሩሹን ትቶ እርሳሱን ይምረጥ፤ ብሩሽ ጠርዙን ያለሰልሰዋል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ፣ ሥዕሉ ለኅትመት ሲተልቅ ነው። የ32 ካሬው ሥዕል 100 ጊዜ ሲባዛ ወርዱ 3200 ነጥብ ይሆናል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አንዱ ካሬ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ሆኖ በአዋቂ ሰው ደረት ላይ በደንብ ይታያል። ማባዣው ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። 3 ነጥብ 5 ጊዜ የተባዛ ሥዕል ውስጥ አንዱ ካሬ 3፣ ጎረቤቱ 4 ነጥብ እየያዘ መጠኑ ይዘበራረቃል። ሲተልቅም «ኒረስት ኔበር» የሚለው ምርጫ፣ በጊምፕ ደግሞ ኢንተርፖሌሽን በሚለው ሥር «ነን» የሚለው ይመረጥ። ሌሎቹ ምርጫዎች ጎረቤት ቀለሞችን ስለሚያዋሕዱ መደብዘዙን ያመጣሉ።

ፋይሉ የሚቀመጠው በፒኤንጂ ነው፤ ጄፔግ በካሬዎቹ ጠርዝ ዙሪያ ቆሻሻ የሚመስል ነጠብጣብ ይተዋል። ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው ራሱ ይጨምቀዋል። የቀናት ድካም በዚህች አንዲት ቁልፍ ሊበላሽ ይችላል።

ማሪዮንና መሰሎቹን ገልብጦ ለሽያጭ ማተም ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ሥዕሎቹ ባለቤት አላቸው፤ በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ሥራዎችን ይጠብቃል። ማረሻው፣ ጀበናው፣ የጣናው ታንኳ በ32 ካሬ የሚያስነድፉ ናቸው፤ በዚህ ጸሐፊ እይታም ከተደጋገመው የውጭ ሥዕል ይልቅ ገዢን ቆም የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው።

ሙሉው ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ቲሸርት ብቻ ማሳተም ይመከራል። እርሱን ገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብና በጥላ ማድረቅ፣ ከዚያም ጨርቁን በጥቂቱ መወጠር ነው። ካሬዎቹ ካልተሰነጠቁና ካልተላጡ ቀሪው ይታተማል።