አሮጌ ወረቀት በኪሎ ሲሸጥ ሚዛኑ የማያሳየው

በአሮጌ ወረቀት ንግድ አንድ ኪሎ ሁልጊዜ አንድ ኪሎ አይደለም። ቆራሌው ከየቤቱ፣ ተላላኪው ከየመሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው ጋዜጣ፣ ደብተር፣ ካርቶንና የቢሮ ወረቀት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በአንድ ሚዛን ሊወጣ ይችላል። መልሶ የሚሠራው ፋብሪካ ግን ለእያንዳንዱ የተለያየ ግምት አለው። ተደባልቆ የቀረበ ከሆነ ደግሞ ጥሩው ወደ መጥፎው ዋጋ ይወርዳል እንጂ መጥፎው ወደ ጥሩው አይወጣም። ይህ የገዢ አመል አይደለም። ወረቀቱ መጀመሪያ ከተሠራበት መንገድና በላዩ ላይ ካረፈው ቀለም የሚመጣ ነው።

እንጨት ሴሉሎስ የሚባል ቃጫ አለው፤ ቃጫውን እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዘው ደግሞ ሊግኒን ይባላል። ከአዲስ እንጨት የሚሠራ የጋዜጣ ወረቀት እንጨቱን እንዳለ በመፍጨት የሚገኝ ነው። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ90 ኪሎ በላይ ፐልፕ ስለሚወጣው ርካሽ ነው፤ ሊግኒኑ አብሮት ስለሚቀር ግን ፀሐይ ሲያየው ቢጫ ይሆናል። ለቢሮ ወረቀት እንጨቱ በኬሚካል ተቀቅሎ ሊግኒኑ እንዲወጣ ይደረጋል። የሚተርፈው ከእንጨቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ሲሆን ነጭና ጠንካራ ነው። ለዚህም ነው ያገለገለ የቢሮ ወረቀት ከጋዜጣ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው።

ይሁን እንጂ የቢሮ ወረቀትም የራሱ ጉድ አለው። ወረቀቱ እንዲነጣና እንዲለሰልስ ሲባል ከክብደቱ ከመቶ 20 እጅ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ሶፍት የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ዱቄት አጥቦ መጣል አለበት። በመሆኑም ከገዛው 100 ኪሎ ውስጥ ሶፍት የሚሆነው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ቢደርስ ነው። ቀሪው ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል፤ ለዝቃጩ ማስወገጃም ሌላ ወጪ አለ።

ወደ ቀለሙ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የታተመ ወረቀት ላይ ያለውን ቀለም አጥቦ እንደገና ወረቀት መሥራት እንደሚቻል ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ዩስቱስ ክላፕሮት እ.ኤ.አ. በ1774 ጽፈው አሳውቀዋል። የዛሬው ፋብሪካ የሚከተለው ዘዴ በመሠረቱ ከልብስ እጥበት ብዙም አይርቅም። አሮጌው ወረቀት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይናጣል። ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመርበት ቃጫው ያብጥና ቀለሙን ይለቃል። ሶዳው የጋዜጣውን ፐልፕ ቢጫ እንዳያደርገው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይታከልበታል። ከዚያም ሳሙና ገብቶ ከሥር አየር ይነፋበታል። ዘይት ያለበት ቀለም ውሃን ስለሚሸሽ ከአየሩ አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥቁሩ አረፋ ይገፈፋል፤ ቃጫው ከታች ይቀራል።

ዘዴው የሚሠራው ግን ቀለሙ ተስማሚ ሲሆን ነው። የቀለሙ ቅንጣት ከ10 እስከ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ሲሆን አረፋው በደንብ ይሸከመዋል። ተራው የጋዜጣ ቀለም ጥላሸትና የማዕድን ዘይት ድብልቅ ነው፤ ዘይቱ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል እንጂ አይጠነክርም። አንባቢ “እጄን አቆሸሸው” እያለ የሚያማርርበት ይህ ጠባዩ ለፋብሪካው በረከት ነው፤ እጅ ላይ የሚለቅ ቀለም በውሃም ውስጥ ይለቃል። የመጽሔትና የፖስተር ቀለም ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተልባ ባሉ ዘይቶች የተሠራ በመሆኑ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፤ ከቃጫውም በቀላሉ አይላቀቅም። የሌዘር ፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ቶነር ከናካቴው ፕላስቲክ ነው። በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃ ውስጥ ሲናጥ እንደ ቅርፊት ይሰባበራል። ትላልቁ ቅርፊት ለአረፋው ስለሚከብደው ነጭ ሊሆን የታሰበው ወረቀት ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል።

ከሁሉም የባሰው በውሃ የሚበጠበጠው የፍሌክሶ ቀለም ነው። በእንግሊዝና በጣሊያን አንዳንድ ጋዜጦች እጅ አያቆሽሽም ተብሎ ይታተሙበት ነበር። ቅንጣቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ከመሆኑም በላይ ውሃን ስለሚወድ አረፋውን አይከተልም፤ ገንዳው ውስጥ ተበትኖ ፐልፑን በሙሉ ያጠቁረዋል። በጭነቱ መካከል ጥቂት እንዲህ ያለ ጋዜጣ መኖሩ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ካርቶንም በአመዛኙ በዚሁ ዓይነት ቀለም የሚታተም ቢሆንም አሮጌ ካርቶን ተመልሶ ቡናማ ካርቶን ስለሚሆን ቀለሙን ማጠብ አያስፈልግም። የካርቶን ንግድ ከሌላው የቀለለው ስለዚህ ነው።

ዋጋ ይወጣል ብሎ ጋዜጣ የሚያከማች ነጋዴም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ወረቀት እንደ እህል አይቆይም። በተለይ ሙቀትና ፀሐይ ባለበት ስፍራ ጥቂት ወራት ካለፉት ቀለሙ ከቃጫው ጋር ይጣበቃል፤ ወረቀቱም ቢጫ ይሆናል። በመጋዘን የቆየ ጋዜጣ ክብደቱ ሳይቀንስ ዋጋው ይቀንሳል።

ውሃውስ? በዓለም ገበያ አሮጌ ወረቀት የሚታሰበው ከመቶ 10 እጅ እርጥበት ይኖረዋል ተብሎ ነው። በዚህ የተዋዋለ ገዢ ከመቶ 20 እጅ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ቢረከብ ደረቁ 80 ኩንታል ብቻ ነው። በውሉ ስሌት ይህ የ89 ኩንታል ያህል ዋጋ ነው። እርጥበቱን ሳይለካ የከፈለ ሰው 11 ኩንታል ውሃ በወረቀት ዋጋ ገዝቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የፋብሪካ ሰው ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የቻይናን ገበያ መመልከት ይበቃዋል። ወይዘሮ ዣንግ ዪን እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ገብተው አሮጌ ወረቀት እየገዙ ወደ አገራቸው ይልኩ ጀመር። የቻይና ዕቃ አራግፈው ባዶ የሚመለሱ መርከቦች ስለነበሩ የጭነቱ ሒሳብ ርካሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናይን ድራገንስ የተባለውን የካርቶን ወረቀት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ2006 ሁሩን የተባለው ዝርዝር ከቻይና ሀብታሞች አንደኛ አደረጋቸው። ሌላው ዓለም የጣለው ወረቀት ያመጣው ሀብት ነው።

ላኪዎቹ ግን ተዘናጉ። ቻይና ያመጡላትን ሁሉ ትገዛለች ብለው ሳይለዩ፣ ከነፕላስቲኩና ከነምግብ ትርፍራፊው አስረው ይጭኑ ነበር። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓላማውን አስታወቀ፤ ከ2018 ጀምሮም ያልተለየ ድብልቅ ወረቀት እንዳይገባ ከለከለ። በሌላውም ወረቀት ውስጥ የሚገኝ ባዕድ ነገር ከመቶ ግማሽ እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። በአሜሪካ የድብልቅ ወረቀት ዋጋ ተንኮታኮተ፤ ይሸጡ የነበሩ ከተሞች እንዲነሣላቸው ወደ መክፈል ደረሱ። ለይተው የሚያቀርቡት ግን ሕንድንና ቬትናምን የመሰሉ ሌሎች ገዢዎች አገኙ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ አሮጌ ወረቀት ከውጭ ማስገባትን ጨርሶ አቆመች።

ሆኖም የቻይና ካርቶን ፋብሪካዎች ቃጫ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ቃጫ በተደጋጋሚ ሲታጠብና ሲደርቅ እየደነደነና እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ካገለገለ በኋላ ወረቀት ሊሆን አይችልም። ያገር ውስጡን ብቻ እያገላበጡ መኖር አያዛልቅም። ናይን ድራገንስ ለዚህ ያገኘው መላ በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወረቀትና የፐልፕ ፋብሪካዎችን መግዛት ነበር። ከእነዚህ አንዱ በዌስት ቨርጂኒያ ፌርሞንት የሚገኘው ሲሆን ሥራው ከአሮጌ ወረቀት ፐልፕ ማምረት ነው። በአሮጌ ወረቀትነቱ የቻይናን ወደብ የማያልፈው ጭነት እዚያው አሜሪካ ታጥቦ ፐልፕ ሲሆን ቆሻሻ መባሉ ቀርቶ በጥሬ ዕቃ ስም ይገባል።